እሳቱን አትከልክሉን፣ ጭሱን አስወጡልን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ባለፈው እትማችሁ ከሰል ቤት ውስጥ አንድዶ መተኛት ስለሚያመጣው አደጋ አንድ ጽሑፍ አውጥታችኋል። ብርዱ ሲገባ በየዓመቱ ታወጡታላችሁ። አልጠላሁትም፤ ሰው ያድናል። ግን ምክሩ "ከሰል ይዛችሁ አትግቡ፣ ከገባችሁም መስኮት ክፈቱ" ይልና እዚያው ላይ ያልቃል። ጸሐፊው ደግ ሰው መሆናቸውን አልጠራጠርም። ብቻ ታህሳስ ላይ ደብረ ብርሃን ይምጡና አንድ ሌሊት መስኮት ከፍተው ይደሩ። ማደሪያው በእኔ፣ ጋቢም እጨምራለሁ። ጠዋት እንነጋገራለን።

እኔ እዚሁ ከተማ የብየዳ ቤት አለኝ። በር፣ መስኮት፣ ተደራራቢ አልጋ፣ አንዳንዴም የጋሪ ጥገና እሠራለሁ። 26 ዓመት ሆነኝ። ካለፉት 4 ዓመታት ወዲህ ግን ትርፍ ጊዜዬ በሙሉ የሚያልቀው በአንድ ነገር ላይ ነው፦ በጋዝም፣ በእንጨትም፣ በኩበትም የሚነድ የቤት ማሞቂያ ምድጃ። ባለቤቴ "ጣውንቴ" ትላታለች። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ቱታዬን ካነሳሁ "ዛሬም ጣውንቴ ጋ ነህ?" ትለኛለች።

ምድጃ ልሸጥላችሁ አይደለም የጻፍኩት። እስካሁን 5 ሠርቻለሁ፤ 2ቱን ያፈረስኳቸው ራሴ ነኝ። ነገሬ ወዲህ ነው። ሰው "አታንድድ" ስለተባለ ብርዱ አይለቀውም። እሳቱ የግድ ነው። ከቤት መውጣት ያለበት ጭሱ ነው።

ደብረ ብርሃን ከባህር ጠለል በላይ 2,840 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ብትርቅም ከፍታዋ ከእሷ በ500 ሜትር ያህል ይበልጣል። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከተማዋን የቆረቆሩት ከሰማይ ብርሃን ወርዶ ታየ ተብሎ ነው ይባላል። ብርሃኑስ ወርዶልናል፤ የቀረብን ሙቀቱ ነው። ህዳርና ታህሳስ ሰማዩ ሲጠራ ሌሊት ውርጭ ይጥላል። ጠዋት ሣሩ ላይ ጨው የተነሰነሰ ይመስላል፤ ደጅ ያደረ የባልዲ ውሃ ፊቱ ይረጋል። ቤቶቻችን ደግሞ አብዛኞቹ ጭቃና ቆርቆሮ ናቸው። ኮርኒስ ከሌለ የነደደው ሁሉ በቆርቆሮው ይወጣል። (ምድጃ ሊያሠራ የመጣን ሰው መጀመሪያ "ኮርኒስ አለህ?" ብዬ ነው የምጠይቀው። ከሌለው "ሂድና እሱን አሠራ፣ ከዚያ ተመለስ" እለዋለሁ። ባለቤቴ በዚህ ነው የማትደሰትብኝ።)

እንግዲህ ሰው ምን ያደርጋል? ማንደጃውን ደጅ ያቀጣጥላል። ከሰሉ እስኪፈም ይጠብቃል። "ጭሱ አልቆለታል" ይልና ያስገባዋል። በሩን ይዘጋል፤ ከሥር ያለችውን ክፍተት በጨርቅ ይወትፋታል። ያለቀው ግን የሚታየው ጭስ ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለም የለው፣ ሽታ የለው። ነበልባሉ ጠፍቶ ፍሙ ብቻ ሲቀር፣ አየር ሲያጥረው፣ ያን ጊዜ ነው በደንብ የሚወጣው። ደማችን ውስጥ የኦክሲጅኑን ቦታ ቀድሞ ይይዛል፤ ከኦክሲጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይጣበቃል። እኛ ደግሞ እዚህ ከፍታ ላይ ኦክሲጅኑ ድሮም የቁጥቁጥ ነው።

ይህን ከመጽሐፍ አይደለም ያወቅኩት። 2008 ዓ.ም. ታህሳስ ላይ ባለቤቴ አራስ ነበረች። እናቴ ልታርሳት ከመንዝ መጥታለች። ማንደጃው አራስ ቤት ነው፤ እኔ ሳሎን ፍራሽ ላይ ተኝቻለሁ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ በሩ ላይ አንድ ነገር ዱብ ሲል ሰማሁ። ባለቤቴ ናት። "ራሴን ፈለጠኝ" ብላ ልትወጣ ስትነሳ ጉልበቷ ከዳት። በሩን ገፍቼ ስገባ እናቴ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀምጣለች። የተኛች መስሎኝ ነበር። ጠራኋት፤ ዓይኗን ገለጠች እንጂ አላወቀችኝም። ሕፃኗን በአንድ እጄ፣ እናቴን በሌላው ጎትቼ ደጅ አወጣኋቸው። ጎረቤት ወተት ይዞ ደረሰ። ሰዉ እስከ ዛሬ ወተቱ ነው ያዳናቸው ይላል። ያዳናቸው በሩ ነው።

በማግስቱ ማታ እናቴ ምን አለችኝ መሰላችሁ? "ማንደጃውን አቀጣጥልልኝ፣ ልጅቷን በረዳት።" ሞት አፋፍ ላይ ደርሳ የመጣች ሴት ናት። ከዚህ የበለጠ ማስጠንቀቂያ ጋዜጣ ላይ አይወጣም። ግን ልጅቷን በርዷት ነበር፤ እናቴ አልዋሸችም።

አገራችን ምድጃ ማሻሻል አዲሷ አይደለም። ላቀች አለች፤ የኬንያውን ጂኮ አይተው ያመጧት፣ ውስጧ ሸክላ ውጪዋ ላሜራ የሆነች። ለእንጀራ ደግሞ ከሲሚንቶ የሚሠራው ምርጥ ምድጃ አለ። ሁለቱም ማገዶ በመቆጠብ ያስመሰግናሉ። ነገር ግን የታሰቡት ለማብሰያ ነው። ላቀች ከሰል ትቆጥባለች እንጂ ጭስ ማውጫ የላትም። ቤት ማሞቂያ ተብሎ፣ ለደጋ ሰው ታስቦ የተሠራ ምድጃ እኔ ገበያ ላይ አላየሁም።

"ለምን ሁለት ማገዶ? አንዱ አይበቃም?" ይሉኛል። ሂሳቡን ልንገራችሁ። 12 ኪሎ ተኩል ጋዝ የሚይዘው ሲሊንደር ውስጥ 160 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ሙቀት አለ። አንዲት ክፍል ለማሞቅ 2 ኪሎዋት ብናነድድ 80 ሰዓት ይሄዳል። ማታ ማታ 4 ሰዓት ከነደደ በ20 ቀን ባዶ ሲሊንደር ተሸክመን ወደ ሰልፍ ነው። ለእኔ ቢጤ ኪስ አይሆንም። እንጨቱና ኩበቱ ርካሽ ባይሆንም አለ፤ ለረጅም ምሽት እሱ ይሻላል። ግን ልጄ ለትምህርት ቤት 12 ሰዓት ስትነሳ እንጨት ላቀጣጥል ብል፣ እሱ እስኪይዝ እሷ ትምህርት ቤት ደርሳለች። ጠዋት ጠዋት ለግማሽ ሰዓት ብቻ ጋዝ ቢነድ ግን ያው ሲሊንደር 5 ወር ይቆያል። ብርዱን ሙሉ ያሻግራል ማለት ነው። ስለዚህ ጋዝ ለጠዋት፣ እንጨት ለማታ። ጋዙ ከጠፋ እንጨት፣ እንጨቱ ከረጠበ ጋዝ።

ኤሌክትሪክስ? ሲኖር ምን የመሰለ ነገር። እኛ ሰፈር ግን የሚሄደው ብርዱ ሲጠና ነው።

የመጀመሪያዋን ምድጃ ሳስባት ዛሬም አፍራለሁ። አንድ ሳጥን፣ በ3 ሚሊ ላሜራ። መሃሉ ላይ ከፌሮ የበየድኩት ፍርግርግ። ከላይ እንጨት ይቀመጣል፣ ከሥር የጋዝ በርነር። ጋዙ ብቻውን ሲያስፈልግ ብቻውን ይነዳል፣ ካስፈለገም እንጨቱን ይለኩሰዋል። ወረቀት ላይ ስትታይ ቆንጆ ነበረች።

አመድ ወደ ታች ነው የሚወርደው። ይህን ለማወቅ 26 ዓመት ብየዳ አያስፈልግም፤ እኔ ግን ረሳሁት። የኩበት አመድ ደግሞ አያልቅም። በ3ኛው ቀን የበርነሩ ቀዳዳ ግማሹ ተደፍኖ ነበር። ችግሩ ያ ብቻ ቢሆን በሽቦ እየጠረግኩ እኖር ነበር።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ረዳቴ ቀድሞኝ ሱቁን ከፈተ። ማታ እንጨት ነድዶባታል። አመዱን በእጁ ጀርባ ነካ አደረገው፣ በርዷል። የጋዙን ቁልፍ ከፈተ። ከዚያ ክብሪት ፍለጋ ኪሱን ዳበሰ። የለም። ሞርሳው ያለበት ጠረጴዛ ላይ ፈለገ። የሲሊንደር ጋዝ እንደ ጭስ ወደ ላይ አይሄድም፤ ከአየር ይከብዳል። ፕሮፔኑ አንድ ጊዜ ተኩል፣ ቡቴኑ ሁለት ጊዜ ያህል። እንደ ውሃ ዝቅ ያለ ቦታ ይፈልጋል። ዝቅ ያለው ቦታ ደግሞ የአመዱ መቀበያ ነው። እዚያ፣ ከአመዱ ሥር፣ ከማታ የተረፈች አንዲት ረመጥ ነበረች። ክብሪት አላስፈለገም።

"ቡፍ!" ሲል ከመንገዱ ማዶ ሻይ ቤት ተቀምጬ ሰማሁት። ስደርስ ልጁ ደጅ ቆሟል። ቅንድብ የለውም። የፊት ፀጉሩ ተለብልቦ የበግ ራስ የሚጠበስ ይሸታል። "ጋሼ፣ በእናቴ ክብሪት አልጫርኩም!" ይላል። እውነቱን ነው። ከዚያ የባሰ አልደረሰበትም፤ ተመስገን። ቅንድቡም በ2 ወር በቀለ። እኔ ግን ያኔውኑ ግራይንደር አንስቼ ምድጃዋን ለሁለት ቆረጥኳት። ልጁ ውሃ እየጠጣ ቆሞ ያየኝ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሕጌ አንድ ናት። ሁለቱ እሳት በአንድ ምድጃ ይኑሩ፤ በአንድ ክፍል አይደሩ።

አሁን ያለችው እንዲህ ናት። መሃሏን የሸክላ ጡብ ግድግዳ ይከፍላታል። በቀኝ እንጨት፣ ኩበት፣ ካስፈለገም ከሰል። በግራ ጋዝ ብቻ። የጋዙ ክፍል ወለል ላይ ወደ ውጭ የሚወጣ ቱቦ አለ፤ ያመለጠ ጋዝ ካለ ወለል ላይ ሳይተኛ በዚያ ይሄዳል። ከላይ አንድ ወፍራም የብረት ሰሌዳ ሁለቱንም ይሸፍናል። ጀበናም፣ ድስትም ይጣድበታል። ጡቡ ሙቀት ይይዛል፤ ማታ 4 ሰዓት ላይ እሳቱን ብንተወው ሌሊት 8 ሰዓት ላይ እጅ ሲያሳርፉበት ገና ለብ ያለ ነው። ሲሊንደሩ ውጭ፣ ከግድግዳው ጀርባ፣ በብረት ሳጥን ውስጥ ነው። አንድ ጎረቤቴ ውርጭ በጣለበት ጠዋት ጋዙ ቢሰንፍበት ሲሊንደሩን ከሰሉ አጠገብ አምጥቶ ሊያሞቅ ሲል ደርሼበታለሁ። ቡቴን የበዛበት ጋዝ በብርድ መትነን ይከብደዋል፤ እውነት ነው። ግን ወዳጄ፣ ሲሊንደር ድንች አይደለም፣ ፍም አጠገብ አይቀመጥም።

ጭስ ማውጫዎቿም ሁለት ናቸው፤ ለእያንዳንዱ እሳት የራሱ። ብዙ አገር ውስጥ ደንቡ ይኸው ነው፤ ጋዝና ጠጣር ማገዶ አንድ ቱቦ እንዲጋሩ አይፈቀድም። የእንጨቱ ጥቀርሻ ቱቦውን ከደፈነው የጋዙ ጭስ ወደ ቤት ነው የሚመለሰው። ገዢ ሁሉ "አንዱን ቱቦ ቀንስና ዋጋውን ቀንስ" ይለኛል። እምቢ ነው። እናቴ "ባለ ሁለት ቀንዷ" ብላ ሰይማታለች። ቀንዷ ተሰብሮ የምትሸጥ ላም የለችም እላለሁ።

የእንጨቱ ቱቦ መጀመሪያ ባለ 3 ኢንች ነበር፤ ርካሽ ስለሆነ። በሩን በከፈትን ቁጥር ጭሱ ፊታችን ላይ ይመጣል። ባለ 6 ኢንች ሳደርገውና ከቆርቆሮው ጫፍ በላይ አንድ ሜትር ሳስረዝመው ዝም አለ። ከወራጅና ከኮርኒስ ቢያንስ አንድ ክንድ መራቅ አለበት። ኮርኒሱ ከማዳበሪያ ከረጢት የተሰፋ ከሆነማ አንድ ክንድም ያሳስበኛል።

ከፍታው ደግሞ ሌላ መዘዝ አለው። ከገበያ የገዛሁት በርነር እዚህ ሲነድ እሳቱ ቢጫ ነው፤ የድስቱን ቂጥ ያጠቁረዋል። ሻጩ "ጋዙ ነው ችግሩ" አለኝ። ጋዙ አይደለም፤ አየሩ ነው። እዚህ ያለው አየር ከባህር ዳርቻው ጋር ሲተያይ 30 በመቶ ያህል የሳሳ ነው። በርነሩ ግን ለቆላ የተሠራ ነው። ለቆላ የተለካ ጋዝ ደጋ ላይ አየር ያጥረዋል፤ በደንብ ሳይነድ ይወጣል፤ ያው ካርቦን ሞኖክሳይድ ተመለሰ ማለት ነው። የአሜሪካኖቹ ልማድ ከፍታ በጨመረ በየ300 ሜትሩ ከእሳቱ ኃይል 4 በመቶ መቀነስ ነው። ለእኛ ከ3 አንድ እጅ በላይ ይሆናል። ጋዙ የሚወጣባትን የነሐስ ቀዳዳ፣ እኛ ጂግለር የምንላትን፣ ጀርባዋን ሳይ "90" ይላል፤ 0.90 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። አዲስ ነሐስ ቆርጬ በ0.7 ፑንታ በሳሁ። 4 ፑንታ ሰብሬ በ5ኛው ተሳካ። ፀጉር የምታህል ፑንታ ናት፤ ትራፓኖው ትንሽ ከተንቀጠቀጠ አለቀላት። እሳቱ ሰማያዊ ሆኖ ሲቆም ለመጀመሪያ ጊዜ ባለቤቴን "ነይ እይ" ብዬ ጠራኋት።

እሳቱ በነፋስ ቢጠፋ ጋዙን የሚዘጋም አለ፤ ከተጣለ የጋዝ ማብሰያ የፈታሁት ቴርሞካፕል። ጫፉ እሳቱ ውስጥ ይገባል። ሲሞቅ 30 ሚሊቮልት ገደማ ያመነጫል፤ የግድግዳ ሰዓት ባትሪ 50ኛ እጅ። ይህቺው ናት ቫልቩን ከፍታ የምትይዘው። እሳቱ ሲጠፋ ትበርዳለች፣ ቫልቩ ቀጭ ብሎ ይዘጋል። ሥራ ሳጣ ሆን ብዬ አጥፍቼ ያቺን "ቀጭ" እሰማለሁ።

ስለ እንጨት ደግሞ ዘግይቶ የገባኝን ልንገራችሁ። እንጨቱ ራሱ የሚነድ ይመስለን ነበር። ሲሞቅ መጀመሪያ ይተናል፤ ከ5 እጁ 4ቱ ያህል ጋዝ ሆኖ ነው የሚወጣው። ነበልባል የምንለው ያ ጋዝ ሲነድ ነው። የሚቀረው 1 እጅ ከሰሉ ነው። ጭስ ደግሞ ሳይነድ ያመለጠው ነው። ከሰል አክሳዩ 4ቱን እጅ ለሰማይ ሰጥቶ 1ዱን ይሸጥልናል። ያ አንዱ እጅ አየር ከሥር፣ ከፍርግርጉ በታች ይፈልጋል። የተነነው ግን ከላይ፣ ያውም ሞቅ ያለ አየር ነው የሚፈልገው።

ስለዚህ ሦስተኛዋ ላይ አንድ ቱቦ በእሳቱ ጀርባ አዙሬ ወደ ላይ አመጣሁና 24 ቀዳዳ በሳሁበት፣ እያንዳንዱ 6 ሚሊ። አየሩ በጀርባ ሲዞር ይሞቃል፣ ከእሳቱ በላይ ይገባል። ደረቅ የባህር ዛፍ ፍልጥ ከተትኩ። 10 ደቂቃ ምንም የለም። 15 ደቂቃ ሲሞላ ከቀዳዳዎቹ አፍ ትንንሽ የእሳት ምላስ ብቅ ብቅ አለ። አንድ፣ ሦስት፣ ከዚያ ሁሉም፤ ልክ እንደ ጋዝ በርነር ክብ ሠርተው። ረዳቴ በመስኮቷ አጮልቆ አየና በአንድ እጁ ቅንድቡን ሸፍኖ ወደ ኋላ ሸሸ። "ጋሼ፣ ጋዙን ከፈቱት እንዴ?" የጋዙ ጎማ እንኳ አልተገጠመም ነበር። ደጅ ወጥተን ቀና ስንል ጭስ የለም። የቱቦው አፍ ላይ ትኩስ አየር ብቻ ይርገበገባል። ከ40 ዓመት በላይ እሳት አጠገብ ኖሬ እንጨት ያለ ጭስ ሲነድ ያን ቀን አየሁ።

እንጨቱ እርጥብ ከሆነ ግን ይህ ሁሉ ከንቱ ነው። እርጥብ ባህር ዛፍ ቱቦው ውስጥ ሬንጅ የመሰለ ጥቀርሻ ይለጥፋል፤ እሱ ራሱ አንድ ቀን ይነዳል። በየወሩ መጥረግ ነው።

አሁን ወደ መቀርቀሪያዋ። በጣም የምኮራባት እሷ ናት፤ ደግሞም ከሁሉ ርካሿ። አንዲት ጠፍጣፋ ብረት፣ 30 ሴንቲ ሜትር። ወደ ቀኝ ስትገፋ የእንጨቱን በር ትለቃለች፣ የጋዙን ቁልፍ ትሸፍናለች። ወደ ግራ ስትገፋ የጋዙ ቁልፍ ይገለጣል፣ የእንጨቱ በር ይቆለፋል። ጋዙ ክፍት እያለ ልመልሳት ብትሉ እጀታው መንገዷን ይዘጋባታል፤ ንቅንቅ አትልም። ባትሪ የላት፣ ስፕሪንግ የላት። የተኛ ሰው እንኳ አይሳሳትባትም። እናቴ 80 ዓመት ደርሳለች፤ አንዴ አሳይቻት ዛሬ ለጎረቤት የምታስተምረው እሷ ናት። ከእናቴ ጋር የተጣላነው በጭስ ማውጫው ክዳን ነው። "ሙቀቱ እንዳይወጣ ጥርቅም አድርገህ ዝጋው" ትላለች። እኔ ክዳኑን የሠራሁት አውራ ጣት የምታስገባ ቀዳዳ በመሃሉ ትቼ ነው፤ ሙሉ በሙሉ ቢዘጋ ፍሙ ወደ ቤት ነው የሚተነፍሰው። ቀዳዳዋን በጭቃ ደፍና አግኝቻታለሁ። አንዴ አይደለም፣ ሁለቴ። አሁን ቀዳዳዋን አሰፋኋት።

ዋሽንግተን የምትኖር የአክስቴ ልጅ ለፋሲካ ስትመጣ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ አምጥታልኝ ነበር። የሳሙና ማስቀመጫ ታክላለች። እዚያ አገር በየቤቱ ተለጥፎ የሚኖር ዕቃ ነው አለችኝ። ለሙከራ ባዶ ክፍል ውስጥ ደህና የፈመ ማንደጃ አስገብቼ በሩን ዘጋሁና በመስኮት አነበብኩ። በ20 ደቂቃ 160 አሳየች (ከአንድ ሚሊዮን የአየር እጅ 160ው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው ማለት ነው)፣ ትንሽ ቆይታም መጮህ ጀመረች። "ጭሱ አልቆለታል" የምንለው ከሰል ነው እንግዲህ። ምድጃዬ ሌሊቱን ሙሉ ነድዳ ዜሮ አሳየች። ሐቁን ለመናገር እንዲህ ያለችው ማንቂያ ከ30 በታች ሲሆን ዜሮ ነው የምታሳየው። ስለዚህ "ዜሮ" አልልም፤ ከ30 በታች እላለሁ። የቀረውን የሚለካ ደህና መሣሪያ የለኝም።

ይህንኑ አስለካለሁ ብዬ ነው ወደ አንድ መሥሪያ ቤት የሄድኩት። ስሙ ይቅር። ቅጽ ሰጡኝ። "የማገዶ ዓይነት" ይላል፤ አንዱን ብቻ ምረጥ፦ ጋዝ፣ ወይም ጠጣር ማገዶ። "የእኔ ሁለቱንም ነው" አልኩ። ልጅቷ በትሕትና "እንግዲያው ሁለት ምድጃ ነው፣ ሁለት ቅጽ ይሙሉ" አለችኝ። ሞላሁ። በሳምንቱ ስመለስ ሌላ ሰው ጠበቀኝ። "የማብሰያ ነው?" "ማሞቂያ ነው።" "ማሞቂያ የኤሌክትሪክ ክፍል ነው የሚያየው።" ኤሌክትሪክ ክፍል ሄድኩ። "ሶኬቱ የት አለ?" ተባልኩ። ሦስት ጊዜ ተመላልሼ የትራንስፖርቱ ብር የሁለት ቱቦ ዋጋ ሲያክል ተውኩት። ሰዎቹን አልቀየምም፤ ቅጹ ላይ የሌለ ነገር ይዤባቸው ሄጄ ነው።

ገንዘብ አልለምንም። የምለምነው አንድ የሚለካልኝ ክፍል፣ አንድ ደህና የጋዝ መለኪያና አንድ ሚዛን ነው። የቴክኒክ ኮሌጆች እንዲህ ያለውን ለተማሪ ሥራ ቢሰጡት የሚከብድ አይደለም። ከመሐል ሜዳ እስከ ደባርቅ፣ እስከ ጎባ ድረስ ብርድ ያለበት አገር ብዙ ነው፤ ብየዳ የሚችል ልጅም በየከተማው አለ። አንድ ልመና ግን ለልጆቹ፦ የጋዙን በኩል ያለ ቴርሞካፕልና የጂግለሩን ልክ ሳታውቁ እንዳትሞክሩት። የእኔ ረዳት ቅንድቡን ነው ያጣው። ሌላው እንደ እሱ ዕድለኛ ላይሆን ይችላል።

እናንተም በሚቀጥለው ህዳር ያንን ጽሑፍ ስታወጡ "ጭስ ማውጫ የሌለው እሳት ቤት አታስገቡ" የምትል አንዲት መስመር ጨምሩበት። "አታንድዱ" ከሚለው ይልቅ እናቴ ይህቺን ትሰማለች።

የምድጃዋን ሥዕል በ4 ገጽ አድርጌ ከደብዳቤው ጋር በፖስታ ልኬዋለሁ። ማንም ይቅዳው፣ ማንም ይሥራው። ቦታ ከጠበባችሁ ከደብዳቤዬ የፈለጋችሁትን ቁረጡ። ገጽ 3 ላይ ያለችውን የመቀርቀሪያዋን ሥዕል ግን እባካችሁ አትቁረጧት፤ ልኬቱ በእርሳስ ስለተጻፈ ደብዝዞ እንደሆነ 30 ሴንቲ ሜትር በ4 ሴንቲ ሜትር፣ ውፍረቷ 5 ሚሊ ነው።

አንድ ብረት በያጅ፣ ከደብረ ብርሃን